ሆድ የሌላት ሌንስ

የእህቴን ባል በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። ባለ ሌንስ መሣሪያ በሚገጣጠምበት ወርክሾፕ ውስጥ «አውራ ጣት» ይሉታል፤ እኔ ቤትም ሥራ ቦታም «ጋሼ» ነው የምለው። አውራ ጣት የተባለው ሌንስ የሚያነበው በአውራ ጣቱ ስለሆነ ነው። ሌላው ሠራተኛ ሌንሷን ወደ መስኮት ይዞ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በየት በኩል እንዳበጠች ሲያጮልቅ፣ እሱ ስስ ጨርቅ በተጠቀለለ ጣቱ አንዴ ዳሰስ ያደርጋትና «ሆዷ ወዲህ ነው» ብሎ ቦታዋ ላይ ያስቀምጣታል። ይኼ ጉራ አይደለም። እኔ በዚሁ ወርክሾፕ፣ በእሽግ ክፍል፣ ዕድሜዬን የፈጀሁ ሴት ነኝ፤ ተገልብጦ የተገጠመ ዕቃ ከደንበኛ ሲመለስ መጀመሪያ የሚያርፈው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። የሁሉም ሰው ተመልሶ ያውቃል። የሱ አንድም ቀን አልተመለሰም።

ታዲያ እንዲህ ዓይነት ጣት ካለው ሰው ጋር መኖር ቀላል እንዳይመስላችሁ። ገበያ ይወጣና ቲማቲሙን ሁሉ ሲጫን ውሎ ከሻጮቹ ጋር ተኮራርፎ ይመለሳል። ሰው ቤት ተጋብዞ የብርጭቆውን ጠርዝ ይዳስሳል። እህቴን ያገኛትም በዚሁ አመሉ ነው። ያን ጊዜ ወርክሾፑ መነጽርም ይጠግን ነበርና እትዬ፣ ታላቅ እህቴን እንዲያ ነው የምላት፣ የላላ ብሎን ልታስጠብቅ መጣች። እሱ መነጽሯን ተቀብሎ ጣቱን አሳረፈበትና «እመቤት፣ የቀኙ ግራ፣ የግራው ቀኝ ተገጥሞልዎታል እኮ» አላት። ለካ ዓመት ሙሉ ራሷን ሲያማት የከረመው ለዚህ ነው። እሷ ኑሮ ነው ብላ ትታው ነበር። አስተካክሎ ሰጣት፤ ራስ ምታቱ ለቀቃት፣ እሱ ግን አልለቀቃትም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እትዬን ስኳር ያዛት። ይኼ በሽታ ስሙ ብቻ ነው ጣፋጩ። የግራ ዓይኗን ሳያስጮሃት፣ ሳያማት፣ ቀስ እያለ አጨለመባት። እኛም ያወቅነው የበሩን መቃን በግራ ትከሻዋ መግጨት ስታበዛ ነው። ክሊኒክ ስንወስዳት ዶክተሩ አስቀምጦ አስረዳን፦ ከዓይን ጀርባ እንደ ፀጉር የቀጠኑ የደም ሥሮች አሉ፤ ስኳሩ ያዳክማቸውና ማፍሰስ ይጀምራሉ። የግራው አልፎበታል። የቀኙም ጀምሯል፤ የሚያፈሰው ሥር ደግሞ ሰው አጥርቶ ከሚያይባት ከመኻሏ ቦታ አጠገብ ነው። ቀጭን ብርሃን ተኩሶ ያንን ሥር ማድረቅ ይቻላል፣ ነገር ግን ክሊኒኩ ያለው አሮጌ መሣሪያ እንዲህ ለመኻል ቀርቦ ለመተኮስ አያስተማምንም።

«አዲስ መሣሪያ በቅርቡ ይገባልናል» አለ። «እስከዚያ ይታገሱ። ብዙ ግን መታገስ አይቻልም።»

ያ አዲስ መሣሪያ የሚገጣጠመው እኛው ወርክሾፕ ነበር። እትዬ ይህን ስትሰማ ሳቀች። እሷ የምትስቀው ሲብስባት ነው። «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባል የለ?» አለች፤ «የኔ ዓይንማ ባሌ እጅ ገባ።» ጋሼ አልሳቀም።

መሣሪያው የሚፈልጋትን ሌንስ ይዛ የመጣችው ራሷ የሠራቻት ኢንጂነር ናት፤ ወጣት ናት፣ ፍልቅልቅ፣ ግን በሥራዋ የማትቀልድ። ሳጥኑን ስትከፍት እኔም አንገቴን አስግጌ አየሁ። ውስጡ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ዝርግ መስታወት ተቀምጣለች። ያበጠ ነገር የላትም፣ የጎደጎደ ነገር የላትም። ጋሼ ጫማ አዝዞ ካልሲ የቀረበለት ሰው መሰለ።

«ይቺ ናት ሌንስ?» አላት።

«ይቺ ናት፣ አባቴ።»

ከዚያ አስረዳችው፤ እኔም በነጻ ተማርኩ። በዚያች መስታወት ላይ፣ በዓይን ቀርቶ በተራ ማይክሮስኮፕ የማይለዩ ጥቃቅን ምሰሶዎች እንደ ጫካ ተተክለዋል። እያንዳንዱ ምሰሶ ከጎረቤቱ ትንሽ ዞር ብሎ ነው የቆመው። ብርሃን ደግሞ እንደ ብሎን ነው አለችው፤ አንዳንዱ ወደ ቀኝ እየዞረ ይጓዛል፣ አንዳንዱ ወደ ግራ። ይህን እነሱ ፖላራይዜሽን ይሉታል። ቀኝ ዞሩ ብርሃን በዚያ ጫካ ሲያልፍ ምሰሶዎቹ ወደ መኻል እየመሩ አንዲት ነጥብ ላይ ይሰበስቡታል፤ ግራ ዞሩን ደግሞ ወደ ውጭ እየገፉ ይበትኑታል። በአንዲት በር ሁለት ሥራ ማለት ነው። ግራ ዞሩ ተበትኖ የዓይኑን ጀርባ ወለል አድርጎ ለዶክተሩ ያሳያል፤ ቀኝ ዞሩ ነጥብ ሆኖ የታመመውን ሥር ይተኩሳል።

«ብትገለበጥስ?» አለ ጋሼ። ስለ ምንም ዕቃ ቢነግሩት የመጀመሪያ ጥያቄው ይኼ ነው።

«ሁሉም ተገላቢጦሽ ይሆናል። ቀኝ ዞሩ ይበተናል፣ ግራ ዞሩ ነጥብ ይሆናል። ማያው ብርሃን ሰፊ ቦታ እንዲያዳርስ ተብሎ ጠንከር ያለ ነው፤ እሱ ነጥብ ሆኖ ዓይን ውስጥ ከገባ…» አልጨረሰችውም። መጨረስም አላስፈለጋት።

«እና ሆዷ በየት በኩል ነው?»

«ሆድ የላትም። ጣትም ፊቷን መንካት የለበትም፤ የጣት ወዝ ምሰሶዎቹ መኻል ከገባ አበቃላት። ከሳጥኑ ስትወጣ ፊቷ ወደ ላይ ነው። ከወጣች በኋላ ግን ፊትና ጀርባዋን የሚነግርዎት መብራቱ ብቻ ነው።»

መብራቱ ያለችው አብራት የመጣውን መፈተኛ ነው። ፊቱ ላይ ክብ ማጣሪያ ተገጥሞለታል፤ ቀኝ ዞሩን ብርሃን ብቻ ያሳልፋል። ሌንሷ በትክክል ከገባች ከሥሯ ጥርት ያለ ነጥብ ይወጣል፤ ከተገለበጠች ነጥብ የሚባል ነገር የለም። ኢንጂነሯ ጣቷን አንስታ አንድ ነገር አስጠነቀቀችው፦ «ማጣሪያው ከሌለ መብራቱ ውሸታም ነው። ተራ ብርሃን ውስጥ ቀኝ ዞሩም ግራ ዞሩም ተቀላቅሎ ስላለ፣ በፊቷም ትግባ በጀርባዋ፣ ነጥብ ያያሉ። ግማሹ ተሰብስቦ ነጥብ ይሆናል፣ ግማሹ በዙሪያው እንደ ጭጋግ ይቀራል።»

ጋሼ ይህን እንደ ተማሪ ሸመደደው። እራት ላይ ሳይቀር «ማጣሪያው ከሌለ ውሸታም ነው» ይለን ነበር። በመለማመጃ ሌንሶች ሳምንታት ሲሠራ ከረመ፤ ሲያወጣ፣ ሲያገባ፣ ሲፈትሽ። አውራ ጣቱን ከጎኑ አጣጥፎ እንደ ቅጣት ይዟት ነበር። አንዷንም አላበላሸም። ስለዚህ ለክሊኒኩ የሚሄደው የመጀመሪያ መሣሪያ ሲደርስ «እኔ ነኝ የምገጥመው» አለ፣ አለቃውም ለሌላ ሰው የሚሰጥበት ምክንያት አልነበረውም።

የሚገጥምበት ቀን፣ በኋላ ራሱ እንደነገረኝ፣ እንዲህ ሆነ። ሌንሷን በአየር በምትስብ ትንሽ ብዕር ከሳጥኑ አነሳት። ፊቷን አቧራ እፍ አደረገላት፣ ገልብጦ ጀርባዋን እፍ አደረገላት፣ ከዚያ እንደያዛት ቱቦው ውስጥ ካለው ቤቷ አስገብቶ ቀለበቱን አጠበቀ። መብራቱን ሊያበራ ሲል ማጣሪያው ላይ አንዲት ነቁጥ አየ። ሌላ ቀን ቢሆን አልፏት ነበር። የዚያን ቀን ግን ለሚስቱ ዓይን ነው የሚሠራው። ማጣሪያውን ፈታና በሥራ ጨርቁ መወልወል ጀመረ።

ስልኩ ጮኸ። እትዬ ናት። የዓይን ጠብታዋን ፈልጋ አጥታ፣ ማቀዝቀዣው ፊት ቆማ በእጇ ትዳብሳለች።

«በሩ ላይ ነው፤ ከወተቱ አጠገብ» አላት ጋሼ። «አይ፣ አንቺ ወደ ግራ… ዝቅ በይ። ዝቅ። አይ፣ እሱ መድኃኒት አይደለም፣ ሰናፍጭ ነው። ቀስ በይ። አይዞሽ፣ ቀስ በይ።»

ጠብታው እጇ እስኪገባ ድረስ ስልኩን አልዘጋም። ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መኻል ይዞ፣ ጨርቁን እንደ ልማዱ አጣጥፎ የካፖርቱ ኪስ ከተተው። ማጣሪያው ጨርቁ ውስጥ ነበር። ይህን ያን ቀን እሱም አላወቀም፣ ማንም አላወቀም።

እኔ መሣሪያውን ለማሸግ ስደርስ ዓይኑ እርጥብ ብሎ ነበር። እትዬ ማቀዝቀዣው ፊት መዳበሷ ሆዱን አባብቶታል። መብራቱን አበራና መዳፉን ከሥር ዘረጋ። መዳፉ ላይ ነጥብ አረፈች። መስኮቱ ሰፊ ነው፣ ቀኑ ብራ ነው፣ በነጥቧ ዙሪያ ያለውን ጭጋግ ከቀኑ ብርሃን ማን ይለየዋል?

«ትክክል ናት!» አለ። «ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ትክክል ናት!»

የፍተሻ ማኅተሙን አሳረፈበት፣ እኔም አሸግኩት።

ክሊኒኩ ለእትዬ ቀጠሮ ሰጣት፤ በአዲሱ መሣሪያ የመጀመሪያዋ ታካሚ እሷ ሆነች። በጠዋት ሄድን። ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ ወንበሮቹ በብረት እርስ በርስ ተያይዘዋል፤ አንዱ ሲነቃነቅ ሁሉም ይነቃነቃል። ጋሼ እግሩን ሲያርገፈግፍ እኔም አንድ አዛውንትም አብረን ተንዘፈዘፍን። እትዬ መኻላችን ሰማያዊ የቀጠሮ ካርዷን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ነርሷ መጥታ ብሌኗን የሚያሰፋ ጠብታ አደረገችላት። ያቃጥላል መሰል እንባዋ ወረደ። ጋሼ ከካፖርቱ ኪስ የሥራ ጨርቁን አውጥቶ በታጠፈው ጫፍ ጉንጯን ጠረገላት።

«አሁን ሰው አይደለህም፣ ደመና ነህ» አለችው።

«ደመና ጥሩ ነው፤ ዝናብ አለው» አላት። ነርሷ ክንዷን ይዛ ወሰደቻት። «ቤተሰብ እዚሁ ይጠብቃል» ብላ በሩን ዘጋችው።

ጋሼ ጨርቁን እንደገና አስተካክሎ ለማጠፍ ዘረጋው። ክብ መስታወት ጭኑ ላይ ዱብ አለች።

«ምንድን ነው?» አልኩት።

መስታወቷን አነሳት፣ አገላበጣት፣ ፊቱ አመድ መሰለ። ቆሌው ሲገፈፍ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ማጣሪያው» አለ። «ማጣሪያው እዚህ ነው። እጄ ላይ ያየኋት ነጥብ… ያለ ማጣሪያ ነው ያየኋት።»

ክው አልኩ። እራት ላይ ስንት ጊዜ የሰማሁት ነገር ነውና ማስረዳት አላስፈለገውም። መሣሪያው በትክክል ተገጥሞ ሊሆን ይችላል። ተገልብጦም ሊሆን ይችላል። ከተገለበጠ፣ ዶክተሩ ለማየት ብሎ መብራቱን ያበራ ጊዜ እህቴ የቀራትን ዓይን ያቃጥለዋል። ለመጮህ እንኳ ጊዜ አይኖራትም።

«ምናልባት ትክክል ትሆናለች» አለ፤ ለራሱ ነው የሚናገረው። ምን እያሰበ እንደነበር አውቃለሁ። ዝም ቢልና ትክክል ብትሆን ማንም ምንም አያውቅም። ቢናገር ስሙ ሄደ፤ የዛሬው ሕክምና ሄደ፤ ሥሩ ደግሞ እያፈሰሰ ነው።

«በምናልባት ነው የእህቴ ዓይን?» አልኩት። ግን ቃሉን ሳልጨርስ ተነስቶ ነበር።

ነርሷ ወጥታ በሩ ላይ ቆማለች። ከራሷ በላይ ቀይ መብራት በርቷል። «አባት፣ መግባት አይቻልም፤ ሊጀምሩ ነው» አለችው። ጋሼ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነው። ወርክሾፕ ውስጥ ሲጣሉ ወጥቶ የሚሄድ ሰው ነው። በሩን በመዳፉ መደብደብ ጀመረ።

«አታብሩት! ዶክተር! መብራቱን አታብሩት!»

ነርሷ ልትይዘው ሞከረች። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ካርቶን ስሸከም የኖርኩ ሴት ነኝ። «ይቅርታ እህቴ» ብዬ ብድግ አድርጌ ወደ ጎን አስቀመጥኳትና ገባን።

ክፍሉ ጨለም ብሏል። እትዬ አገጯን ማስደገፊያው ላይ አድርጋለች፤ ግንባሯ ማሰሪያው ውስጥ ነው። ከዓይኗ ፊት፣ እጅግ ቀርቦ፣ ጋሼ ያጠበቀው ያ ጥቁር ቱቦ አፍጥጦባታል። የዶክተሩ ጣት ማብሪያው ላይ ነበር።

«ምን ጉድ ነው ይኼ?» አለ ዶክተሩ።

«መሣሪያውን የገጠምኩት እኔ ነኝ» አለ ጋሼ። «ሳልፈትሽ ነው ያሳለፍኩት። አያብሩት።»

«ማኅተም አለው እኮ።»

«ማኅተሙ የኔ ነው። አይመኑት።»

እትዬ አገጯን ሳታነሳ «ምን ሆነሃል አንተ?» አለች።

«ራስሽን ወደ ኋላ አድርጊ፣ የኔ እመቤት። ተነሽ ከዚያ።»

ዶክተሩ ቁጡ ሰው ቢሆን ያስወጣን ነበር። እሱ ግን የጋሼን ፊት ቆም ብሎ አየና ጣቱን ከማብሪያው አነሳ። እትዬን ከወንበሩ አስነሳት፣ ከእጇ ሰማያዊ ካርዷን ተቀበለና የክሊኒኩ ጥቁር ማኅተም ያለበትን ፊት ዓይኗ በነበረበት ቦታ አቆመው። «ትክክል ከሆነ ሰፊ የፈዘዘ ክብ ነው የምናየው» አለ። አበራው።

ክብ አልመጣም። ጥቁሩ ማኅተም ላይ የመርፌ ጫፍ የምታክል የብርሃን ነጥብ ቁጭ አለች። እንደ ዓይን ጥቅሻ ላለች ጊዜ ምንም አልሆነም። ከዚያ ከካርዱ ቀጭን ክር የመሰለ ጭስ ተነሳ።

ዶክተሩ አጠፋው። ነርሷ በሩ ጋ እንደቆመች አፏን በእጇ ይዛለች። ዶክተሩ ማብሪያውን የነካች እጁን ኪሱ ከተተና እዚያው አስቀራት።

«ምን ሸተተኝ?» አለች እትዬ። ብሌኗ ሰፍቶ፣ ሁሉም ነገር ደመና ሆኖባት፣ ወደ ድምፃችን ፊቷን ታዞራለች። «ምን ተቃጠለ? ንገሩኛ!»

ጋሼ ግድግዳውን ይዞ ቁልቁል ተቀመጠ። እኔ እህቴን አቀፍኳትና ካርዷ እንደተቃጠለ ነገርኳት። እሷ ሞኝ አይደለችም፤ ካርዱ የማን ቦታ ላይ እንደነበር ገባት። እጄን አጥብቃ ያዘችው።

ዶክተሩ መጀመሪያ ያለው «ዛሬ አይሆንም፤ ዕቃው ይመለሳል» ነው። ከዚያ የዓይኗን የቅርብ ምስል አየና ከንፈሩን መጠጠ። ዕቃው ሄዶ እስኪመለስ ሥሩ እንደማይጠብቃት አልደበቀንም። ስልኩን አንስቶ ኢንጂነሯን ጠራት። እሷ መፈተኛዋን ይዛ እስክትደርስ ያለው ጊዜ እንዴት እንዳለፈ አላውቅም፤ የጠብታው ኃይል እንዳያልቅ ነርሷ በየመኻሉ ሌላ ታደርግላታለች፣ እትዬ ታነባለች፣ ጋሼ መሬት ላይ ተቀምጦ ማጣሪያዋን በመዳፉ ጨብጧል።

ኢንጂነሯ ስትገባ ካርዱን አየች። አልተቆጣችውም። ቢቆጡት ይሻለው ነበር መሰለኝ። ጠረጴዛው ላይ ንጹሕ ጨርቅ ዘረጋች፣ ቱቦውን ከመሣሪያው ፈታችና «ይምጡ፣ አባቴ» አለችው።

«እኔ? አልነካትም። አንቺ አዙሪያት። እጄን አታይውም?» እጁ ቅጠል ሆኗል።

«እኔ ኮምፒውተር ላይ ነው የምሠራት እንጂ ቤቷ ውስጥ ማስገባት የሚችሉት እርስዎ ነዎት። እኔ ከአጠገብዎ ቆሜ አያለሁ።»

«አልችልም አልኩሽ እኮ!»

ያን ጊዜ እትዬ ከማዶ ተናገረች። «አንተ ሰውዬ» አለችው። «መነጽሬን ካስተካከልክልኝ ቀን ወዲህ ራሴን አሞኝ ያውቃል? ተነስና አዙራት።»

ተነሳ። እጁን ታጠበ። ብዕሯን ሲጨብጥ መንቀጥቀጡ አልቆመም፤ ክርኖቹን ጠረጴዛው ላይ ሲያስደግፍ ግን ጋብ አለለት። ቀለበቱን ፈታ፣ ሌንሷን ሳብ አድርጎ አወጣት፣ አየር ላይ አዞራት፣ መልሶ አገባት። አውራ ጣቱ እንደ ድሮው ልትዳስስ ብድግ ስትል አየሁ። እሱም አያት። አጥፎ መዳፉ ውስጥ ደበቃት።

ማጣሪያውን ኢንጂነሯ ራሷ ወልውላ መፈተኛው ላይ አጠበቀችው። አበሩት። ነጥቡ ጥርት ብሎ ወጣ፤ ጭጋግ የለውም። ቱቦውን ወደ መሣሪያው መልሰው ዶክተሩ ካርዱን ዳግመኛ አቆመና ማያውን መብራት አበራ። አሁን ካርዱን ከዳር እስከ ዳር የሸፈነ፣ የፈዘዘ፣ ሰፊ ክብ መጣ። አጥፍቶ ደገመው። ያው ነው።

«በቃ፣ ይቅረቡ እመቤት» አለ ዶክተሩ።

እትዬ ከመነሳቷ በፊት ጋሼ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። አገጩን ማስደገፊያው ላይ አደረገና ቀኝ ዓይኑን ከቱቦው ፊት አመጣው።

«አባት፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ያብሩት።»

«ካርዱ ላይ አየነው እኮ፤ ደህና ነው።»

«ካርድ አያመውም» አለ ጋሼ። ሳይንቀሳቀስ ነው የሚናገረው። «እኔ ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብዬ ምዬ ነው ይህን ዕቃ የሰደድኩት። መጀመሪያ የኔ ዓይን። ያብሩት።»

ዶክተሩ ኢንጂነሯን አየ። እሷ መሣሪያውን አንዴ፣ ጋሼን አንዴ አየችና ራሷን ነቅንቃ እሺ አለች። ጣቱ ወረደ። እትዬ አይታያትም፣ ግን ማብሪያው ቀጭ ሲል ሰምታ ጥፍሯን ክንዴ ውስጥ ቀበረችው። ጋሼ ዓይኑን አልጨፈነም።

«ሰፊ ነው» አለ በመጨረሻ። «ለስላሳ ነው። አያቃጥልም። ነይ።»

ወንበሩን ለቀቀላትና እጇን ይዞ አስቀመጣት። ዶክተሩ ያን ቀን ሥሩን ተኮሰው። እኛ ውጭ በተያያዙት ወንበሮች ላይ ቁጭ አልን፤ አሁን ግን ጋሼ እግሩን አላርገፈገፈም።

በማግሥቱ ወርክሾፕ ገብቶ ሁሉም ባለበት ራሱ ተናገረ። አለቃው ለጊዜው ማኅተሙን ነጠቀው፤ ትክክል ነው፣ እኔም ብሆን እነጥቀው ነበር። አሁን አንድ ሰው ይገጥማል፣ ሌላ ሰው ይፈትሻል። ማጣሪያው ከመብራቱ እንዳይፈታ ሆኖ ተበይዷል። ከዚያ በኋላ የመጡት ሌንሶች ጠርዛቸው ላይ ትንሽ ጭረት አላቸው፤ በዓይን ታያለህ፣ ጣት አያስፈልግህም። ሠራተኞቹ አፍረውለት ነው መሰለኝ ለጊዜው አውራ ጣት ብለው መጥራት ተዉ። እሱ ነው «ምነው? ጣቴን ቆረጣችሁት እንዴ?» ብሎ ያሳቃቸው።

የእትዬ ዓይን ወዲያው አልጠራም። ጭላንጭል ሆኖ ሰነበተ፤ ቀስ እያለ የሰው ፊት ወጣ፣ ቀጥሎ የግድግዳ ሰዓቱ፣ ቀጥሎ የመድኃኒት ጠርሙስ ላይ ያለው ትልቁ ፊደል። ክሊኒኩ ደህና ነሽ ብሎ ካሰናበታት በኋላ፣ አንድ ከሰዓት፣ ሦስታችን ቤት ተቀምጠን ሳለ «ያቺን ካርድ አምጡልኝ» አለች። ጋሼ ደብቋት ነበር። ከመጽሐፍ መኻል አውጥቶ ሰጣትና ፊቱን አዞረ።

ወደ መስኮቱ ይዛት ሄደች። ጥቁሩን ማኅተም ፈለገች። አራቀችው፣ አቀረበችው፣ ራሷን ዘንበል አደረገች። «የታለች?» አለች። እኔ ላሳያት ብድግ ስል ጋሼ ክንዴን ያዘኝ። ጠበቅን። እህቴ ካርዱን በቀኝ ዓይኗ ፊት ወደ ብርሃኑ ቀጥ አድርጋ ይዛ ቆየች፤ ከዚያ ትንሿ ጣቷ በቀስታ ሄዳ የጥፍሯ ጫፍ ማኅተሙ ላይ የተቃጠለችው ነጥብ ላይ አረፈ።

«ውይ!» አለች፣ ሳቀችም። «ትንሽ ናት እኮ!»

ጋሼ ተነስቶ ወጥ ቤት ገባ። ቧንቧውን ሲከፍተው ሰማን፤ ውሃው ለረጅም ጊዜ ፈሰሰ። የሚታጠብ ዕቃ ግን አልነበረም።